በጾም ወተት ማጤስ

ሲጋራ ለማቆም የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማቆም ሳይሆን ዕቃ መሰብሰብ ነው። አንዱ ማስቲካ ይገዛል፣ አንዱ ኪሱን ቆሎ ይሞላል፣ አንዱ ይሳላል። እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ታናሽ ወንድም ስላለኝ የደረሰኝ አቶማይዘር ነው። ወንድሜ ሲጋራን የተወው በቬፕ ነው። ቬፑን በምን እንደሚተወው ስጠይቀው ኔትዎርኩ ይቆራረጥበታል።

ለማያውቅ ልንገር። ቬፕ ማለት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው፤ ትንባሆ አያቃጥልም። ባትሪው ሽቦ ያግላል፣ የጋለው ሽቦ ጥጥ የጠጣውን ፈሳሽ ያተናል፣ ሰውየው እንፋሎቱን ይስባል። ኸርበርት ጊልበርት የሚባል አሜሪካዊ ነገሩን ቀድሞ አስቦ በፈረንጅ 1965 የፈጠራ መብት አግኝቶበት ነበር፤ ገዢ ግን አላገኘም። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጠው ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። እሱም ራሱ አጫሽ ነበር።

ሽቦውና ጥጡ የሚቀመጡበት ቁራጭ ነው አቶማይዘር የሚባለው። ሰላም የሚፈልግ ሰው ታንክ ያለውን ይገዛል፤ ፈሳሹን ይሞላል፣ ሽቦው ሲያረጅ የተዘጋጀ ገዝቶ ይቀይራል፣ በቃ። ድሪፐር የሚሉት ግን ታንክ የለውም። ሽቦውን ራስህ ትጠመዝዛለህ፣ በሁለት ትንንሽ ምሰሶዎች ላይ በብሎን ታስራለህ፣ በመሐሉ ጥጥ ታሾልካለህ፣ ከላይ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ታደርጋለህ፣ ክዳኑን ትገጥማለህ። ጥቂት ስበህ እንደገና ክዳን ትከፍታለህ። ጣዕሙም ጉሙም ከታንኩ ይበልጣል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይበልጣል። ሲጋራ ግን ከክብሪት ሌላ የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም።

እኔ የፈለግኩት ታንክ ያለውን ነበር።

«አንተ የምትሄደው ደጋ ነው» አለኝ ወንድሜ በስልክ። «ከፍታ ላይ የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ታንኩ ውስጥ የታፈነው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን ገፍቶ ያስወጣዋል። ኪስህን ነው የሚያጥበው! ድሪፐር ግን ምን ያፈሳል? የሚፈስ ነገር መቼ አለውና?»

ክርክሩ ፊዚክስ ስለነበረበት ረታኝ። ወንድሜ በዚያው ሰሞን ለራሱ አዲስ መግዛቱን፣ ከሥሩ ጠርሙስ ያለበትና ጠርሙሱን ሲጫኑት ፈሳሹን ወደ ላይ የሚልክ ዘመናይ ዕቃ መሆኑን፣ አሮጌው ድሪፐርም ወራሽ ሲፈለግለት እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ደግሞም ድሪፐር ያፈሳል። የአየር ቀዳዳው ከጎን ዝቅ ብሎ ሽቦው ፊት ለፊት የተበሳ ከሆነ ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ጠብታው ትንሽ ሲበዛ ግን በዚያው ቀዳዳ ወርዶ እጅህን ይቀባልሃል። ከፍ ብሎ የተበሳ ከሆነ አያፈስም፣ ጣዕሙ ግን ይሳሳል። ከሥሩ ያለው ገንዳ ጥልቅ ከሆነ ብዙ ጠብታ ይይዛል፤ ገጸ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ያፈሳል። ምሰሶዎቹ ላይ ያለው የሽቦ ቀዳዳ ሰፋ ያለ፣ የብሎኑ ራስ ቶሎ የማይሟጠጥ ቢሆን ይመረጣል። እኔ የወረስኩት ቀዳዳው ዝቅ ያለ፣ ገንዳው እንደ ነገሩ የሆነ፣ አንዱ ብሎኑ የተሟጠጠ ነበር።

ለገና 2011 ወደ አጎቴ ቤት፣ ወደ መካነ ሰላም ጉዞ ተጀመረ። ከደሴ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ጉጉፍቱ ላይ ያስነጥሳል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የለጋምቦ ደጋ ላይ ጥርስ ያጋጫል፣ ከዚያ በኋላ አቧራውን ያለብሳል። አውቶብስ ውስጥ ማጨስ ነውርም ክልክልም ነውና ያሰብኩት ለምሳ ስንቆም አቀስታ ላይ ወረድ ብዬ ለመሳብ ነበር። ዝግጅቱን ግን መንገድ ላይ ልጨርስ ብዬ ክዳኑን በጥርሴ፣ ዕቃውን በግራ፣ ጠርሙሱን በቀኝ ያዝኩ። ሹፌሩ ጉድጓዱን ሳያይ ገባ። ጠብታው አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላ ላይ አረፈ።

እናትየው ነጠላውን አሸተቱት። «ውይ ሲሸት! የምን ቅባት ነው ልጄ? ለፀጉር ይሆናል?»

አይሆንም አልኳቸው። ፈሳሹ ኒኮቲን አለበት፤ ኒኮቲን ደግሞ በቆዳም ይገባል። የእኔው በአንድ ሚሊ ሊትር 3 ሚሊግራም ብቻ ቢሆንም በመሐረቤ ጠረግኩላቸው። ሽታው ግን እስከ አቀስታ አልለቀቀንም፤ ከኋላ ያለው ወንበር ላይ አንድ ሕፃን «ከረሜላ!» እያለ አለቀሰ። አቀስታ ደርሰን ከአውቶብሱ ኋላ ሄጄ ጠርሙሱን ዘቀዘቅኩት። ምንም የለም። የድሪፐር ፈሳሽ አብዛኛው ግሊሰሪን ነው፣ የእኔው 70 በመቶ። ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጉም የሚሰጠው እሱ ነው። ሆኖም ግሊሰሪን ብርድ አይወድም፤ ሙቀቱ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር እየወፈረ ሄዶ ከጠርሙሱ አፍ አልወርድ ይላል። ጥጡም ቶሎ አይጠጣውም። እኔ ልሳበው ስል ሽቦው ደረቅ ጥጥ አቃጠለ፣ ጉሮሮዬም አብሮ ተቃጠለ። ግሊሰሪን ከልኩ በላይ ሲግል አክሮሊን የሚባል መርዛማ ነገር ያወጣል፤ ዓይንና ጉሮሮ የሚልጠው እሱ ነው። አጠገቤ ሁለት ወጣቶች አንዲት ኒያላ እየተቀባበሉ ያጨሱ ነበር። ብርዱ ለእነሱ ምንም አልነበረም።

ኒያላን ካነሳሁ አይቀር፣ የዚህን አገር ሱስ አከፋፋዮች ማድነቅ ይገባል። ስኳር በሚጠፋበት ሱቅ ኒያላ በፍሬ አለች። የጃፓኑ የትንባሆ ኩባንያ በፈረንጅ 2016 የብሔራዊ ትንባሆ ድርጅታችንን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ብዙ ሰው ተገርሞ ነበር። ከደሴ እስከ ዓባይ አፋፍ በአውቶብስ የተጓዘ ሰው አይገረምም። እኔም ለክፉ ቀን የምትሆን አንዲት ፓኮ ሻንጣዬ ሥር ነበረችኝ፤ መካነ ሰላም እንደደረስኩ ወስጄ ከጎታው ኋላ ሸሸግኳት።

የሸሸግኩበት ምክንያት አጎቴ ናቸው። በእኛ ቤት በታላቅ ፊት አይጨስም። ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ አጎቴ ግን የትንባሆ ነገር ሲነሳ ታሪክ ይጠቅሳሉ። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወረሂመኖውን መሐመድ ዓሊን ሚካኤል ብለው ክርስትና ያስነሱበትን ዘመን ትናንት የነበረ አስመስለው ያወሩታል፤ ከዚያ ዘወር ብለው እኔን እያዩ፣ «በዚያን ጊዜ ትንባሆ ያጤሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር» ይላሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ትንባሆን አጥብቀው መከልከላቸውና የቅጣቱ ነገር በዘመኑ የውጭ ተጓዦችም የተወራ ነው። አጎቴ ግን ወሬውን ሲያወሩ በእጃቸው የመቁረጥ ምልክት ያሳያሉ።

እና ጓሮ። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ ከጓሮ ሰው ጋር ፀብ አለው። ፈሳሹ እንዳይወፍር ጠርሙሱን ከቡሉኮ ሥር አስተኝቼው ማደር ጀመርኩ። አክስቴ አልጋ ሊያነጥፉ ሲገቡ አገኙት። ጠርሙሱ ላይ የቀላ እንጆሪና ከማሰሮ የሚንቆረቆር ነጭ ወተት ተስሏል። የነቢያት ጾም ነው።

«እግዚኦ! በጾም ወተት ታጤሳለህ?»

«ወተት የለበትም እትዬ። ጣዕሙ ብቻ ነው።»

«ጣዕሙ ካለ ጾሙ ምን ቀረው?»

ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ንስሐ አባታቸውን እንዳያማክሩ ለመንኳቸው፤ ለአጎቴም እንዳይነግሩ። በምላሹ ጠርሙሱ ቆጡ ላይ፣ ልጆች በማይደርሱበት ተሰቀለ። በዚህ ረገድ አክስቴ ከብዙ ባለሙያ ይሻላሉ። ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ከረሜላ ከረሜላ እየሸተተ ልጅ ባለበት ቤት ወለል ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ጠላትነታቸው ወደ ጉጉት ተለወጠ። የገረማቸው ጥጡ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው ሳቁ። «ይሄን ማን አመለመለው? አንቀኸዋል እኮ! ጥጥ ሲጠብቅ ይሞታል።» ወንድሜ በብዙ ቪዲዮ ያላስረዳኝን እሳቸው በአንድ ንክኪ አዩት። ጥጡ ሽቦው ውስጥ ሲጠብቅ ፈሳሹ አያልፍም፣ ይቃጠላል። ሲላላ ደግሞ ይጥለቀለቅና ትኩስ ፈሳሽ ምላስ ላይ ይረጫል። ልኩ፣ ጥጡን ስትስበው ሽቦውን ትንሽ እየነካ ግን ሳያጣምመው የሚያልፍ ነው። ዕድሜ ልኩን እንዝርት ያሾረ ሰው ይህንን በጣቱ ያውቃል።

ያመጣሁት ጥጥ ሲያልቅ አክስቴ ከራሳቸው ባዘቶ ቆንጥረው ሰጡኝ፤ በደጋን የተነደፈ፣ ነጭ፣ ለስላሳ። አስገባሁት። ጠብ አደረግኩበት። ጠብታው ጥጡ ላይ ክብ ሆኖ ተቀመጠ፣ ከዚያ ተንከባሎ ወረደ። አክስቴ አሁንም ሳቁ። «ጥሬ ጥጥ ውሃ አይጠጣም። አዲስ ጋቢ ካልታጠበ ገላ ያደርቃል?» እውነት ነው፤ ጥጥ ከተፈጥሮው ሰም አለው፣ ሰሙ ሳይለቅ ፈሳሽ አያስጠጋም። የፋርማሲው ጥጥ የሚጠጣው ተቀቅሎ ስለወጣ ነው። አክስቴ በእንዶድ እንጠበው አሉ። እዚህ ላይ እንቢ አልኩ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964፣ ያም በፈረንጅ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደረሱበት፤ ዓለም ያመሰገናቸው በዚህ ነው። ቀንድ አውጣ የፈጀ ነገር ሳንባዬ ውስጥ ምን ይሠራል? ስለዚህ በአመድ ውሃ ቀቀሉት፣ ውሃው እስኪጠራ አለቀለቁት፣ ከምድጃው በላይ ሰቅለው አደረቁት።

ጠጣ። ግሩም አድርጎ ጠጣ። ጣዕሙ ግን እንጆሪ፣ ወተትና ኩበት ሆነ።

ኩበቱን ስቀምስ ነው ያሰብኩበት። አክስቴ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ጭስ ማውጫ በሌለው ማድ ቤት፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በኩበት ጭስ ውስጥ ተጎንብሰው እንጀራ ይጋግራሉ። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ፣ ሳላቸው ደረቅ ነው። እኔ ስለ ሳንባዬ አስቤ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፤ በሕይወታቸው አንድ ሲጋራ ያልነኩት እሳቸው ከእኔ ይልቅ ያጨሳሉ። ጭስ ማውጫ ያስፈልጋል ብዬ ለአጎቴ አነሳሁ። ከገና በኋላ ይታያል አሉ። ይህ በቤታችን «አይሆንም» ማለት ነው።

በማግስቱ የተሟጠጠውን ብሎን ላጠብቅ ስል ሽቦው እግሩ ላይ ተቆረጠ። መለዋወጫ ሽቦ ወንድሜ አላከለኝም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ግቢ ከከፈተ ወዲህ ሞባይልና ምጣድ የሚጠግኑ ልጆች በርከት ብለዋል፤ ወደ አንዱ ሄድኩ። ልጁ ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ «ወላሂ ይሄማ ምጣድ ነው!» አለ።

ከዚያ የተሻለ ገለጻ አልሰማሁም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦም ከኒኬልና ከክሮም የተሠራ ነው። ልዩነቱ ምጣዱ በ220 ቮልት ወደ 3500 ዋት ሲበላ ይህኛው በአንዲት ባትሪ በዐሥሮች የሚቆጠር ዋት ብቻ መብላቱ ነው። የምጣዱ ሽቦ ወፍሮ ስላስቸገረን ከሞተ የፀጉር ማድረቂያ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አወጣ፣ በካቻቢቴ ዘንግ ላይ ጠመዘዘው፣ አሰረው። ባትሪ ላይ ልገጥም ስል እጄን ያዘ። «መጀመሪያ ይለካ።» የመለኪያውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካክቶ አነበበ፤ 0.3 ኦም። ሽቦውን ለካ፤ 0.8። «የመለኪያው ገመድ ራሱ 0.3 አለው፤ ስለዚህ ያንተ 0.5 ነው።» በሙሉ 4.2 ቮልት ሲሆን 8.4 አምፔር፣ 35 ዋት ገደማ ማለት ነው። ባትሪው ይችለዋል። 0.1 ቢሆን 42 አምፔር ይጠይቅ ነበር፤ ያንን አብዛኛው የዚህ ዓይነት ባትሪ አይችለውም፣ ይግላል፣ ይተነፍሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ይህን ሁሉ ያሰላ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ረሳ። የሽቦው ጫፍ ተርፎ ክዳኑን ነካ። የእኔ ዕቃ መቆጣጠሪያ ስላለው «ሾርት» ብሎ ጽፎ ቆመ። መቆጣጠሪያ የሌላቸው፣ ቱቦና ባትሪ ብቻ የሆኑ አሉ፤ እነዚያ አይጽፉም። ጫፉን በፒንሳ ቆረጠው፣ ሽቦውን አግሎ የድሮ ቆሻሻውን አቃጠለ፣ ሞከርን። ሱቁ በጉም ተሞላ፣ ከበር ላይ የቆሙ ተማሪዎች አጨበጨቡ። የፀጉር ማድረቂያ ሽቦ ለሳንባ ተብሎ የተሠራ ነገር አይደለምና ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። ልጁ ግን ሒሳብ አልተቀበለኝም። «አብሽር፣ እኔም ተማርኩበት» ብሎ ሸኘኝ።

የገና ዕለት ከዓባይ ቆላ የመጡ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ነበሩን። ጓሮ ድረስ ተከትለውኝ መጡና ሥራዬን ሁሉ፣ ክዳን መክፈቱን፣ መጠብጠቡን፣ መግጠሙን በትዕግሥት ተመለከቱ።

«ጋያ ነው?»

«ዘመዱ ነው አባባ።»

እሳቸው የጋያን ነገር አስረዱኝ። ቅሉ ቢሰበር ሌላ ቅል ይበሳል፤ መቃው ቢሰነጠቅ ከወንዙ ዳር ይቆረጣል፤ የሸክላው አፍ ቢሰበር ሸክላ ሠሪ አለች፤ ውሃው ከቤት ነው። «ያንተስ?» አሉኝ። ሽቦው ከፀጉር ማድረቂያ፣ ጥጡ ከአክስቴ፣ ፈሳሹ ከአሜሪካ፣ መብራቱ ደግሞ ሲመጣ ነው አልኳቸው። ብዙ አሰቡና፣ «የኛ ባትሪ አይለምንም» ብለው ወደ ጠላቸው ተመለሱ።

ፈሳሹ ያለቀው በዚያው ምሽት ነው። በመካነ ሰላም ቀርቶ በደሴም የሚሸጥ አልነበረም፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ማስገባትና መሸጥ ስለከለከለ ዛሬም የለም። ሱቁ ውስጥ ግን ከቫዝሊኑ ጎን ለብርድ የሚቀቡት ግሊሰሪን ተደርድሯል። ያው አይደል? 70 በመቶው እሱ አይደለምን? አንዱን አንስቼ ሒሳብ ልከፍል ስል ፋርማሲ የምትሠራው የአጎቴ ልጅ ከኋላዬ ደረሰች። «ይሄ ለቆዳ ነው» አለችኝ። «ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ ታውቃለህ? ሽቶ አለው፣ ዘይት ሊኖረው ይችላል። ዘይት ሳንባ ውስጥ ከገባ ምች መሰለህ?» ያልጠራ ግሊሰሪን ዳይኢትሊን ግላይኮል ሊገባበት እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ በፈረንጅ 2022 ጋምቢያ ውስጥ በዚሁ ዓይነት መርዝ የተበከለ የሕፃናት ሽሮፕ ልጆችን ሲፈጅ ስሟን እያነሳሁ አመሰገንኳት። በዕለቱ ግን ተኮሳትሬ ነበር ጠርሙሱን የመለስኩት።

እንግዲህ ከጎታው ኋላ ያለችውን ማሰብ ጀመርኩ።

ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ነቃሁ። አጎቴ የገብስ ክምራቸውን ጅብ ወይም ሌባ እንዳይነካው ሊያዩ ወጥተዋል፤ ደጁን ደግሞ እንደ ቀትር የሚያበራ ብርሃን ይዘዋል። የእጅ ባትሪያቸው ከመጣሁ ጀምሮ ሞታ ነበር። ጃኬት ደርቤ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ መብራት ከየት መጣ?»

«ካንተ ጉድ ውስጥ። ፈታሁት። ልኩ አንድ ነው፤ ራሱ ጠፍጣፋ ሆኖ አልደርስ ቢል ትንሽ ብር ወረቀት አጥፌ ከላይ ጣል አደረግኩበት። ተመልከት!» ብርሃኑን እስከ ጎረቤት አጥር ወረወሩት።

ብር ወረቀት። በዚያ ቤት ብር ወረቀት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወረቀቱንስ ከየት አገኙት?»

«ከጎታው ኋላ።»

«ሲጋራዎቹ...?»

«አሉ» አሉ፣ ብርሃኑን ወደ ክምሩ መለስ አድርገው። «አንዷ ናት የጎደለች። ለአክስትህ እንዳትነግር።»